ስድስተኛው ትራክ

ስቱዲዮ አልነው እንጂ የእህል መጋዘን ነበር፣
ሽምብጥ፣ ከዓሣ ሻጮቹ ጀርባ፣ ከውሃው ድንበር።
ግድግዳውን አሮጌ ፍራሽ አለበስነው፣
የእንቁላል ካርቶን ለምነን ጣሪያው ላይ ለጠፍነው።
ጤፉ ግን አልወጣም፤ ከሲሚንቶው ስንጥቅ
ድራሙ በተመታ ቁጥር ብድግ ይላል፣ እንደሚስቅ።

«ለስላሳ ሮክ ነው የምንሠራው» ብንለው ባለሱቁን ጥጋቡን፣
«ኮካ ነው ሚሪንዳ? ጠርሙስ ከሌላችሁ
ማስያዣ አምጡና ውሰዱ ሣጥኑን።»

ይበልጣል ድራም ይመታል፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ገቢ ነው፤
ማሽን ሲጮህበት የዋለ ሰው
ከበሮውን የሚነካው
የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት ያህል ነው።

የምንቀዳው ከእኩለ ሌሊት ወዲያ፣
የሎጁ ጄኔሬተር ተኝቶ፣
የባጃጅ ጥሩምባ ደክሞት፣ የሰፈሩ ውሻ
ጮሆ ጮሆ ራሱን ሰልችቶ።
ያን ማክሰኞ ግን ለይበልጣል የሌሊት ፈረቃ ደረሰው፤
በጊዜ ጀመርን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣
ፀሐይ ሐይቁን እንደነካችው።

ስድስተኛው ዘፈን። ሁለተኛው አንቀጽ መሐል መብራት ጠፋ።
የስማቸው ጊታር ቃሉን ሳይጨርስ፣ የእኔም ቤዝ አብሮት ተደፋ።
ላፕቶፑ በባትሪ ነበርና መቅዳቱን አላቆመም፤
ባንቺአምላክ ዓይኗን ጨፍናለች፤ መጨለሙን አላየችም፤
ዘፈነች።
ከድምፅዋ በታች እንቁራሪት፣
እምቦጩን እየገፋ ዳር የሚደርስ ውሃ፣
ደግሞ ወዲያ ማዶ ታንኳውን እያሰረ የሚስል ሰው።
እኛ አልቀጠርነውም፤
ግን ምቱን ጠብቆ ነበር የሳለው።

ከዚያ ድንገት፣ ከየአጥሩ ሥር፣ ከየጓሮ፣
«መጣ!» አሉ ልጆች፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደ አንድ ጉሮሮ።
አምፕሊፋየሩ አጉረመረመ፤ ስማቸው ያለ ቦታው ገባ።
ቦታው እሱ ነበር ለካ።

አዲስ አበባ ያለው አቀናባሪ ደወለ፦
«የልጆቹን ጩኸት ልቁረጠው? ጥራቱን ይጎዳዋል።»
ስማቸው «ቁረጠው» አለ። «ሰው ይስቅብናል።»
ባንቺአምላክ «እነሱን ከቆረጣችሁ ከእኔ ጀምሩ» ብላ
ወደ ፋርማሲዋ ሄደች፤ ሦስት ሳምንት ጠፋች
ከሳል ሽሮፕ ጀርባ ተከልላ።
እኔ ዝም አልኩ። ቤዝ ተጫዋች ነኝ፤
ስጠፋ ብቻ ነው ሰው የሚሰማኝ።
በመጨረሻ ማን አሸነፈ? ማንም። ገንዘቡ አለቀ፤
ለመቁረጫ የሚከፈል አልነበረም፣
ጩኸቱ እንዲሁ ጸደቀ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ለምረቃው፣ ሁለት መቶ ወንበር ተከራየን፤
ሠላሳ አንድ ሰው መጣ፤ ግማሹ የፋርማሲው ደንበኛ መሆኑን አየን።
ይበልጣል ፈረቃ ላይ ነበር።
ዘጠኝ ፍላሽ ሸጥን፤
ባዶው ወንበር ላይ፣ ኪራዩ እንዳይባክን፣ በየተራ ተቀመጥን።

ኅዳር ላይ ከግሽ ዓባይ ባጃጅ ተሳፈርኩ፤
ሾፌሩ እኛን ከፍቷል። አላወቀኝም፤ አልተናገርኩ።
ከጎኔ አንዲት ሴት የዱቄት ፌስታል ጭኗ ላይ ይዛለች።
ስድስተኛው ደረሰ፤ ጊታሩ ጠፋ፤ እንቁራሪት፤ ሳል፤
ከዚያ «መጣ!»
ሴትዮዋ ስልኳን መዘዘች፤ «ሰብልዬ፣ መጥቷል፣
መጋገሪያውን ቶሎ ሰኪው!» አለች።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ፤ አየሁት።
አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም።
ከስልኩ ማዶ ቀጭን ድምፅ፦ «ኧረ የታለ? አልመጣም።»
«በጆሮዬ ሰማሁ እኮ!» እያለች ተቆጣች፤
ጣቷ ግን ፌስታሉ ላይ፣ እሷ ሳታውቀው፣
ከቤዜ ጋር ይሄድ ነበር፤
ዱቄቱም በትንሹ ይቦን ነበር።